ሞተሩ አጠገብ የቆጠርኩት እልልታ

ልጄ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። አዋላጇ እትዬ ዝማም፣ «ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ ወልድያ ሐኪም ዘንድ አድርሳት» አሉኝ። ያኔ ሰቆጣ ውስጥ ከነበሩት ሦስት መኪኖች አንዷ፣ ከጣሊያን የተረፈች አሮጌ የጭነት መኪና፣ የእኔ ነበረች። ግን ማኒኮቶዋ፣ ማለት ወደ ሞተሩ ውሃ የሚወስደው የጎማ ቱቦ፣ ተቀዶ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች።

ተለዋጭ ቱቦ ነበረኝ። መግጠሚያው ግን ከሞተሩ ጀርባ፣ ዓይን የማያየው ጠባብ ቦታ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ እጄ ከአንጓው በላይ አልገባ አለ። እትዬ ዝማም ሌሎቹን ሴቶች ልጄ ዘንድ ትተው መጡና ቆመው አዩኝ።

«ዞር በል። የማይታይ ነገር በእጅ መፈለግ የእኔ ሥራ አይደል?» ብለው እጃቸውን ቅቤ ቀብተው እስከ ክርናቸው ሰደዱት። «አፉን አገኘሁት። አንተ ከዚያ በኩል ግፋው።»

ስገፋ ከቤት እልልታ ተሰማ። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። በእኛ አገር ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ላይ ጸጥ አለ።

«ወንድ ነው» አልኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ያለ እኔ?» አሉ እትዬ ዝማም። እጃቸው ሞተሩ ውስጥ ተይዟል። ሊያወጡት ሲታገሉ እልልታው እንደገና ተነሳ። እኔም ካቆምኩበት ቀጠልኩ፦ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። እዚያ ላይ ቆመ።