ረይስ በድራዊ የሚመልሱት ጥሪ

ናግላ በፖርት ሰዒድ ትንሽ መድኃኒት ቤት አላት። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአባቷ ከረይስ በድራዊ ጋር ትኖራለች። የእኔ ቤት ፊት ለፊታቸው ስለሆነ የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ቀሪውን ናግላ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ፣ መቆንጠጫ በጥርሷ እንደያዘች፣ በንዴት ነግራኛለች።

ረይስ በድራዊ ሠላሳ ስድስት ዓመት በከተማው የመርከብ ቦይ ላይ የጎታች ጀልባ አዛዥ ነበሩ፤ ረይስ ማለትም አዛዥ ነው። ተራራ የሚያህል መርከብ በገመድ እየሳቡ ወደብ ሲያስገቡ ኖረዋል። ሰባ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፋቸውን ረሱ፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ ከዚያ የሚስታቸውን መሞት። በኋላ ናግላን ራሷን "እመቤት፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ይሏት ጀመር።

ወንድሟ ሹክሪ ኩዌት ውስጥ መሐንዲስ ነው። አባቱን እንደሚወድ ማንም አይክድም። ችግሩ ፍቅሩ የሚመጣው በካርቶን መሆኑ ነው። ከኩዌት የሚመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር አንድ ዕቃ አሸክሞ ይልካል።

መጀመሪያ የላከው ካሜራ ነው። ሳሎኑ ጥግ፣ ጣሪያው ሥር ተሰቀለ፤ ድምፅም ያሰማል። ሹክሪ ከኩዌት ሆኖ "አባባ፣ መድኃኒትዎን ይውሰዱ እንጂ" አለ።

ረይሱ ቀና ብለው አዩ። "አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ? ውረድና ሻይ ጠጣ።"

ሰውየው አልወረደም። ረይሱ ሦስት ቀን ሙሉ ከሥሩ ባለው ቁም ሣጥን ላይ ሻይ አስቀመጡለት። በአራተኛው ቀን ትዕግሥታቸው አለቀና በጫማ መቱት። ካሜራው እስኪሰበር ድረስ ግን ሹክሪ በየሰዓቱ መድኃኒት ቤት ይደውል ነበር።

"ናግላ፣ አባባ ማቀዝቀዣውን ከፍተው ቆመዋል። ሃያ ደቂቃ ሆናቸው።"

"እኔም ስድስት ሰው ተሰልፎብኝ ቆሜያለሁ። እኔን ከማዘዝ መጥተህ ብትዘጋው አይሻልም?"

ቀጥሎ ሰፊ ታብሌት ላከ፤ ፊት ለፊት እየተያዩ እንዲያወሩ። ረይሱ የልጃቸውን ፊት በአክብሮት ተመለከቱ። ሹክሪ ስለ ልጆቹ ትምህርት ሲያወራ አሥር ደቂቃ ሰሙትና ወደ ናግላ ዞሩ። "ጨዋ ልጅ ነው፤ ዜናው ግን አይረባም። ሌላ ጣቢያ አድርጊልኝ።"

ሹክሪ በዚያ ቀን አለቀሰ። ናግላም አዘነችለት፤ ግን ሐዘኗ ብዙ አልቆየም፤ በሚቀጥለው ወር የእጅ ሰዓት ላከ። ሰዓቱን ያጠለቀው ሰው የት እንዳለ በስልክ ካርታ ላይ በሰማያዊ ነጥብ ያሳያል።

አንድ ማክሰኞ ረይሱ ከቤት ጠፉ። ናግላ ስልኳን ብታይ ነጥቡ በዱምያት መንገድ ላይ ይበራል። መድኃኒት ቤቱን ዘግታ፣ ታክሲ ይዛ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ነጥቡን አሳደደች። ስትደርስበት የሰፈራችን ዓሣ ሻጭ ኡም ሰነያ ናት፤ ሰዓቱን በእጇ አጥልቃ ከባዶ ቅርጫቷ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ረይሱ ናቸው የሰጡኝ፤ አምላክ ይስጣቸው" አለች። "ስጦታ መመለስ ነውር ነው ብዬ ተቀበልኳቸው።"

"አባቴስ?"

"እሳቸውማ ጠዋት ከቦዩ ማዶ ወደ ፖርት ፉአድ በሚሻገረው ጀልባ ላይ ነበሩ።"

እውነትም እዚያው ነበሩ። ከጠዋት ጀምረው ይመላለሳሉ። የጀልባው ሠራተኞች ወንበር ሰጥተዋቸው፣ የፉል ሳንድዊች አብልተዋቸው፣ እሳቸው ደግሞ የገመድ አስተሳሰራቸውን እያዩ ይቆጧቸዋል። ናግላ ግን እስክታገኛቸው ድረስ ደም እንባ አልቅሳ ነበር። ማታ ለሹክሪ ደወለች።

"ሌላ ዕቃ ብትልክ ከበረንዳው እወረውረዋለሁ" አለችው። "ሦስት ዓመት ነው፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ተኝቼ አላውቅም። እኔ የምፈልገው ሰው ነው።"

"እኔ ሥራ የለኝም?"

"አለህ። የእኔ ነው ሥራ ያልሆነው።"

ሁለት ሳምንት ተኳረፉ። በመሐል አንድ ቀን ናግላ ከሥራ ስትመለስ አባቷ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንደ ጀልባ ሬዲዮ አፋቸው ላይ አድርገው "ጣቢያ፣ ጣቢያ፣ በድራዊ ነኝ፣ ተቀበል" ይላሉ። ድምፃቸው የድሮው ነው፤ አይንተባተብም። መልስ ሲያጡ ፊታቸው ወደቀ።

በማግስቱ ከመጫወቻ መደብር ሁለት የእጅ ሬዲዮ ገዛች። አንዱን ለእሳቸው ሰጥታ፣ ወጥ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች።

"ረይስ በድራዊ፣ ከወደብ ጣቢያ። ምሳ ቀርቧል፤ እጅዎን ታጥበው ጠረጴዛ ይያዙ። ተቀበል።"

"ደርሶኛል፣ ጣቢያ። እየመጣሁ ነው።"

መጡ፤ እጃቸውንም ታጥበዋል። አንድ ዓመት ሲያታግላት የኖረውን ገላ መታጠብ እንኳ ጣቢያው ሲያዝዝ እሺ አሉ።

ተገላገለች ብላችሁ እንዳታስቡ። ሬዲዮው እስከ መድኃኒት ቤቱ ይሰማል፤ ረይሱ ደግሞ ሥራ አይንቁም። በየአሥር ደቂቃው፣ ደንበኛ ፊት፣ ኪሷ ውስጥ ይጮኻሉ። "ጣቢያ፣ አንድ የግሪክ መርከብ ያለ ፈቃድ ገብቷል፤ ምን ይደረግ?" ናግላ የሳል ሽሮፕ በአንድ እጇ እንደያዘች "መልሕቅ ይጣል ይበሉት" ትላለች። ሰፈሩ ሳቀባት። እሷን ያበሳጫት ግን ሌላ ነው። እራት ሲበሉ አባቷ "ያቺ የጣቢያዋ ልጅ ጎበዝ ናት፤ አንቺም ከእሷ ብትማሪ" አሏት።

"ተናደድሽ?" አልኳት።

"በራሴ ቀናሁ" አለች፣ መቆንጠጫውን ገመዱ ላይ እየሰካች። "እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

ሹክሪ ነገሩን ሲሰማ እኔም ላናግራቸው አለ። የመርከብ አዛዥ ነኝ ማለት እንዳለበት ስትነግረው ተቆጣ፤ "ልጃቸው ነኝ፤ መርከብ አይደለሁም።" በሦስተኛው ዓርብ ተሸነፈ። ናግላ ስልኩን ከሬዲዮው ጋር ገጥማ ያዘችለት።

"ረይስ በድራዊ፣ ከኩዌት የመጣች መርከብ ናት። መግቢያ እንጠይቃለን።"

"ተራህን ጠብቅ።"

ሃያ አምስት ደቂቃ አስጠበቁት። ናግላ ክንዷ ዛለ። በመጨረሻ "የአዛዡ ስም?" አሉ።

"ሹክሪ በድራዊ።"

ረይሱ ሬዲዮውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "እኔም ሹክሪ የሚባል ልጅ አለኝ፤ ኩዌት ነው" አሉ። "ደውሎልኝ አያውቅም።"

ሹክሪ ግን በየቀኑ ነው የሚደውለው። በሚቀጥለው ሳምንት ካርቶን ሳይልክ ራሱ መጣ። ናግላ ሬዲዮውን አስጨብጣው ኢስማዒሊያ ከተማ፣ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደችና ሁለት ሌሊት ተኛች። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጢሙ አድጓል።

"ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልሽው?" አላት።

"አልቻልኩትም" አለችው።

አሁን በየሦስት ወሩ እየመጣ ሁለት ሁለት ሳምንት ይቆያል። በቂ አይደለም፤ እሷም አይበቃም ከማለት አልቦዘነችም። ረይሱም ልጃቸው መሆኑን እስካሁን አላወቁም፤ አዲስ የተቀጠረ ረዳት ይመስላቸዋል። ገመድ አያያዙ ደካማ ነው እያሉ ለጣቢያው ይከሱታል።