ሟቹ ሊጣላኝ መጣ

ይህ ነገር የገጠመኝ ጦርነቱ በከተማችን በሐይቅ ካለፈ በኋላ በነበሩት ወራት ነው። "ሥነ ጽሑፍ መማር ምን ይጠቅማል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጠያቂ ደግሞ አይጠፋም፤ አባቴ ብቻውን በቀን ሁለት ጊዜ ይጠይቀኛል።

የተመረቅኩት "ለውጥ መጣ" በተባለበት ሰሞን ነበር። ለውጡ እኔ ጋ እስኪደርስ ሐይቅ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። የሰፈሬ ልጆች ሳዑዲ ሄደው ለእናቶቻቸው ቤት ሲያሠሩ፣ እኔ ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚቀረጽ አውቅ ነበር። አባቴ ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ "ሰይድ ይባላል፤ አራት ዓመት ሙሉ ተረት ተምሮ የመጣው ልጄ ነው" ይላል።

ቀስ በቀስ ግን ሥራ ተገኘልኝ። መጀመሪያ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ቀጥሎ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ላይ የሚያስነብቡትን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ። ሰው ሲሞት "ሰይድ ይጻፈው" ማለት ተለመደ።

የእትዬ ዘውዴ ልጅ ጌታሁን ዘምቶ ነበር። አብሮት የነበረ ሰው "ሲወድቅ አይቻለሁ" አለና መርዶ ተነገረ። አስከሬን ባይመጣም ድንኳን ተተከለ። እትዬ ዘውዴ ከለቅሶው መሃል አስጠሩኝና እጄን ያዙ።

"ሰይዶ፣ የኔ ጌታ፣ ልጄን አሳምረህ ጻፍልኝ" አሉኝ።

ችግሩ ጌታሁንን ማወቄ ነው። ባጃጅ ነጂ ነበር። ዝናብ ሲጥል ዋጋ እጥፍ ያደርጋል። ምጥ የያዛት ሴት ካየ "ወንበሬን ታበላሽብኛለች" ብሎ ጥሏት ይሄዳል። ከእኔ ጋር ሁለት ጊዜ ተደባድበናል፤ ሁለቱንም ጊዜ የተደበደብኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ብጽፍ ከአንድ መስመር አያልፍም፤ ተወለደ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋረጠ፣ ባጃጅ ነዳ።

ስለዚህ የተማርኩትን ሥራ ላይ አዋልኩት። ጌታሁን ነፍሰ ጡሮችን በማንኛውም ሰዓት በነጻ ጤና ጣቢያ እንደሚያደርስ ጻፍኩ። ሽማግሌ ሲያይ ከባጃጁ ወርዶ፣ እጃቸውን ይዞ መንገድ እንደሚያሻግርም ጨመርኩበት። አንድ መምህራችን "እንከን የሌለው ገጸ ባሕርይ አይታመንም" ይለን ስለነበር፣ መጨረሻ ላይ "ቁጡ ቢሆንም ቂም አያውቅም" የሚል አስገባሁ።

ሲነበብ ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። በዝናብ እጥፍ ያስከፈላቸው ሴቶች ሳይቀሩ "እንዲህ ያለ ሰው ኖሯል!" እያሉ ደረት መቱ። እኔም አለቀስኩ። እንዲያ አድርጌ የጻፍኩት ልቦለድ የለም። እትዬ ዘውዴ ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለበጡና ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት።

ከአምስት ወር በኋላ ጌታሁን እያነከሰ በውጫሌ በኩል ከመጣ ሚኒባስ ወረደ። ለካስ ቆስሎ ተማርኮ ኖሯል። ሰፈሩ በእልልታ ተደበላለቀ፣ ከበሮ ተመታ፣ እትዬ ዘውዴ ራሳቸውን ስተው በውኃ ተነሡ። የፈራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሳምንቱ ወረቀቱን ከግድግዳ አውርዶ ቤታችን መጣ።

"ይሄ ሰውዬ ማን ነው?" አለኝ።

"አንተ ነሃ።"

"እኔ ከሆንኩ እንዴት ሳንተዋወቅ ቀረን? ዛሬ ጠዋት አንዱ ሚስቱን ምጥ ይዟት በሬን አንኳኳ። በነጻ ትወስዳለህ ተብሎ ተነቧል አለኝ!"

"ወሰድካት?"

"እና ምን ላድርግ? እማዬ አጠገቤ ቆማ እያየችኝ! ደግሞስ ቁጡ ነው ያልከኝ ለምንድን ነው?" ብሎ ጠረጴዛችንን በቡጢ መታው።

ከጻፍኩት ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ መሆኑን ልነግረው አስቤ ተውኩት።

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ተነስ፣ ሄደህ ውሸት መሆኑን ንገራት። 'እንዲህ ደግ መሆንህን ሳላውቅ ስረግምህ ኖርኩ' እያለች እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እናቴ እኮ ናት! ወላሂ አልቻልኩም።"

ያን ጊዜ በጣም አፈርኩ። የሞተን ሰው ማሳመር ማንንም የሚጎዳ አልመሰለኝም ነበር።

ሄድን። እትዬ ዘውዴ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"ወረቀቴን ወዴት ወሰዳችሁት? ግድግዳው ባዶ ሆኖ ቅር አለኝ" አሉን።

"እትዬ፣ ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ልነግርዎ…" ብዬ ስጀምር ጌታሁን ክንዴን ጨመቀኝ። እናቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

"ሊያርምልኝ ነው እማዬ" አለ። "ቁጡ የሚለውን ሊሰርዝልኝ ነው።"

"ይሰርዘው እንጂ! ልጄ መቼ ቁጡ ሆነና!" አሉ እትዬ ዘውዴ።

ፕላስቲኩን ቀድጄ እዚያው በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። እውነት የምትባለውን አንዷን መስመርም በገዛ እጄ አጠፋኋት።

ጌታሁን ዛሬ ነፍሰ ጡር በነጻ ያደርሳል። እየተሳደበ ነው የሚያደርሰው፤ ግን ያደርሳል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ባጃጁን አቁሞ "አንተ ያመጣህብኝ ጣጣ!" ይለኛል። ሥነ ጽሑፍ የወጣት ሕይወት ይለውጣል ሲባል የተለወጠው የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም፤ አባቴ ዛሬም ምን እንደሚጠቅም ይጠይቀኛል።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። በዚያው ሰሞን ለሌሎች ሦስት ልጆችም ጽፌያለሁ። እነሱንም እንደ ጌታሁን አሳምሬያቸዋለሁ። የአንዳቸውም አስከሬን አልመጣም። በራችን በኃይል ሲንኳኳ ልቤ ይዘላል። ከሦስቱ አንዱ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ "ውሸታም!" ብሎ በጥፊ ቢለኝ ደስታዬን አልችለውም። እስካሁን ሊጣላኝ የመጣ የለም።