የአባቴ ወገብና የሐኪሙ ጥያቄ

አባቴ ቢቸና ውስጥ መሪጌታ ናቸው። ዜማ ያስተምራሉ፤ በበዓል ቀን ማህሌት ይቆማሉ። ወገባቸውን የታመሙት እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ጸበል ተጠጣ፤ ወገባቸው በቅቤ ታሸ። እኔ ግን አንድ ነገር አስተውል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታችን ያለችውን አጭር መንገድ ሲመጡ ሦስት ቦታ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ጎንበስ ብለው ሲቀመጡ ሕመሙ ይለቃቸዋል፤ ቀና ብለው ጥቂት ሲራመዱ ሁለቱም እግሮቻቸው ይደነዝዛሉ። ሰው ሲመጣ ካዩ ጫማቸውን እንደሚያስተካክሉ ይሆናሉ።

ባሕር ዳር ሄደው ኤምአርአይ ሲነሡ የአከርካሪያቸው ቱቦ ጠብቦ ነርቡን እንደጨመቀው ታወቀ። በዚያው ሰሞን ሞጣ ወዳለ አንድ ሐኪም ቤት የአከርካሪ ሐኪም ለጥቂት ቀናት እንደሚመጣ ሰማን። ጀርባን በሰፊው ሳይቀድ፣ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ እያየ የጠበበውን ያሰፋል ተባለ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ስለነበር ይዣቸው የሄድሁት እኔ ነኝ።

ሞጣ ስንደርስ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሲገቡ ታማሚው ሁሉ ብድግ አለ።

«የኔታ፣ ማንን ሊጠይቁ መጡ?» አለች ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ሴት።

«እኔም እንዳንቺው ነኝ።»

«አይ የኔታ! እርስዎ ከታመሙማ ለኛ ማን ይጸልይልን?»

ከጎኗ የተቀመጠ ገበሬ ሳቀ። «ዝም በያቸው። ወረፋችንን በዜማ ሊቀሙን ነው።»

አባቴም ሳቁ።

ተራችን ሲደርስ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየ። ወጣትና ትሑት ነበር። ቦታው ለጥቂት ሰው ብቻ እንደሆነና መቆምና መራመድ ያቃታቸውን እንደሚያስቀድም ነገረን።

«አባ፣ ያለ ምርኩዝ መራመድ ይችላሉ?»

አባቴ መቋሚያውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። «ይሄ ምርኩዝ አይደለም። የአገልግሎቴ ነው።»

«ይቅርታ። ሳያርፉስ ምን ያህል ይቆማሉ?»

«እኔ? ማህሌቱን ቆሜ ቅዳሴው እስኪያልቅ።»

«ሳይቀመጡ?»

«በእግዚአብሔር ቤት ማን ይቀመጣል፣ ልጄ?»

አልዋሹም። ይቆማሉ። ግን የሚቆሙት ደረታቸውን መቋሚያው ላይ ጥለው፣ ጎንበስ ብለው ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ለነርቡ ቦታ ይሰፋለታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው እነዚያን ሦስት ድንጋዮች ነበር፤ እሱም ይበቃ ነበር።

ሐኪሙ ወደኔ ዞረ። «አንቺ የምትጨምሪው አለ?»

አባቴ ግድግዳውን ያያሉ። በቤታችን አባት ተናግሮ ልጅ አያርምም፤ ያውም ሰው ፊት። እኔ ደግሞ ጨዋ ልጅ እየተባልሁ አድጌ ያንን ስም የምወድ ነበርሁ።

«የለም» አልሁ።

የሚዋጥ መድኃኒትና የወገብ እንቅስቃሴ ታዘዘላቸው። እግራቸው ከሰነፈ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡም ተነገራቸው። ያቺ ወገቧን ያሰረች ሴት ለቀዶ ሕክምናው ተመዝግባ ኖሮ አባቴ እንኳን ደስ አለሽ አሏት። ከዚያ ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

«እኔ እኮ ደህና ነኝ ማለት ነው» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር የግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በታች አልነሣ አለ። በስልክ ግን «ደህና ነኝ፣ ትምህርትሽን ያዢ» ይሉኝ ነበር። የሞጣው ሐኪም ከሄደ ቆይቷል፤ መንገዱም እየተዘጋ እየተከፈተ ነበር። ባሕር ዳር ሲደርሱ ብዙ ወራት አልፈዋል። እዚያ በትንሿ ቀዳዳ ሠሩላቸው። በሁለተኛው ቀን ተነሥተው ሄዱ፤ ጀርባቸው ላይ የቀረችው ጠባሳ ከጥፍር አትበልጥም። ሕመሙ ጠፋ። እግሩ ግን እንደወደቀ ቀረ።

«ነርቡ ተጨምቆ ብዙ ቆይቷል። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…» አለኝ ልጠይቃቸው ስሄድ የሠራቸው ሐኪም።

መጥተን ነበር ማለት አልቻልሁም።

በፋሲካ እረፍት ቢቸና ስገባ ቤታችን ጠያቂ ሞልቶበት ነበር። አባቴ ማህሌት መቆም ትተዋል፤ ጫማቸው መሬት እየጎተተ ይጥላቸዋል። መደብ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ።

«የጎዳኝ ያ የሞጣው ሐኪም ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ በወጉ እንኳ ሳይጠይቀኝ መለሰኝ።» ድንገት ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ነበርሽ አይደል? ጠይቆኛል?»

ዓይናቸውን አየሁት። የምር የረሱ ይመስሉ ነበር፤ ወይም እንድረሳ ይለምኑኝ ነበር። ሰዉ ሁሉ አፌን ይጠብቃል።

«አልጠየቀዎትም፣ አባ» አልሁ።

«ሰማችሁ?» አሉ አባቴ።

«እጁ አይባረክ!» አለች አንዲት ጎረቤታችን። ሌሎቹ አሜን አሉ። እኔም አልሁ።