ጫፉ የሚለመጠው ዘንግ

ጆሮ አውሱኝማ፤ ይህን ሰምታችሁ ጊዜዬ ባከነ አትሉም።

ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች አሉኝ፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ጫፉ የሚለመጥ። እህቴ ዘይነባ ደግሞ ለቲማቲሟ መደገፊያ ፈልጋቸዋለች። «እስከ ቁርስ አንድ ነገር ካላወጣህ ሁለቱንም እተክላቸዋለሁ፣ ወላሂ!» ብላ ሐይቁ ዳር ድረስ ተከተለችኝ።

የሚለመጠውን መረጥኩ። ምክንያቱን ላስረዳችሁ፦ ዓሣ ለማታለል መንጠቆው ላይ የምሰካት የላስቲክ ትል ቀላል ስለሆነች ደረቅ ዘንግ አርቆ አይወረውራትም፤ አምባዛ ሲነካካትም እጅ ላይ አይሰማም። የክር መጠቅለያውም ትንሽ ይሁን፤ አለዚያ ክንድ ይዝላል።

«ደሞ ዓሣ ላስቲክ ይበላል ያለህ ማነው?» አለች።

«ቀስ በይ እታለም፣ ይሰማሻል!»

ጉሙ ሐይቁ ዳር ያለውን የእስጢፋኖስን ገዳም ውጦ ውሃውንና ሰማዩን አንድ አድርጎታል። ትሏን ወረወርኳት፤ የት እንዳረፈች እንኳ አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ክሩን በጣቴ ሳዳምጥ እኔም ከጉሙ ጋር የምንሳፈፍ መሰለኝ።

ድንገት የዘንጉ ጫፍ ጎበጠ። ይከብዳል፤ ግን አይታገልም፤ እንደ ሕልም ዝም ብሎ ይመጣል። ቀስ እያልኩ ጠቀለልኩ።

ከጉሙ ውስጥ የደንገል ታንኳ ብቅ አለ። መንጠቆዬ ጫፉ ላይ ተሰክቷል። መረባቸውን አንስተው ሲመለሱ እንቅልፍ የጣላቸው አጎታችን ሰይድ፣ ከዓሣ ክምራቸው አጠገብ ተጋድመዋል።

ዓይናቸውን ገለጡና «ደረስን እንዴ?» አሉ።

ዘይነባ ዓሣውን አየች፣ እኔን አየች። «በል እሺ፣ ቲማቲሙ ሌላ እንጨት ይፈለግለታል።»

እናንተም ሂዱና ሞክሩት፤ ብቻ የሚለመጠውን ምረጡ።