ከወዲያ ወንበር የሚታይ መብራት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አሠሪዬ ማማ ንጄሪ እጄ ላይ ያስቀመጠችው አንድ የኮምፒዩተር ፋን ነበር። በኮምፒዩተሩ ሣጥን፣ በኬዙ፣ ውስጥ ተቀምጦ የሞቀውን አየር እየሳበ የሚያስወጣ፣ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ማራገቢያ። «መብራቱን ቀይረው» አለችኝ። ማራገቢያ መብራት ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅኋት። ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «ደንበኛው ስለፈለገ ነው፣ ፉንዲ» አለች። ናይሮቢ ውስጥ እጁ ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ፉንዲ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ስለ ፋን የማውቀው ነገር ቢኖር መዞሩን ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ሳለሁ ስልክ ጠጋኝ ነበርኩ። ያ ባለ ሽቦው፣ ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጠው የቤት ስልክ። ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ሲከት እኔ ሥራ ፈታሁና ወንድሜን ተከትዬ ናይሮቢ ገባሁ። የማማ ንጄሪ ሱቅ መሃል ከተማ ነው፤ ደረጃ ወጥቶ፣ በልብስ ሰፊና በፓስፖርት ፎቶ አንሺ መካከል። መስኮቱ ማታቱ በሚሏቸው ሚኒባሶች ጥሩምባ ቀኑን ሙሉ ይርገበገባል። ፊት ለፊት እሷ የምትቀመጥበት ባንኮኒ አለ፤ ከኋላ የእኔ ጠረጴዛ። በላዩ መበየጃ፣ ሊድ፣ ማልቲሜትር፣ ፒንሳ፣ ጥቃቅን ካቻቪቴዎች።

ያን የመጀመሪያ ፋን በደንብ አድርጌ የሠራሁት መሰለኝ። አሮጌዎቹን አምፖሎች ከጠርዙ ላይ በመበየጃ አላቅቄ አዲሶቹን ተከልኩ። ከዚያ ባልታዘዝኩት ነገር ገባሁ፤ ብርሃኑ ያንጸባርቅ ብዬ ክንፎቹ ላይ ብርማ ወረቀት ለጠፍኩ። ማማ ንጄሪ ስትሰካው ፋኑ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሄዶ ሻይዋን ሊደፋው ደረሰ። ነቀለችው። «ክንፍ ሚዛን ነው። ክንፍ ላይ ምንም አይለጠፍም። መብራት የሚቀመጠው በማይዞረው ጠርዝ ላይ ነው» አለች። ወረቀቱን ስልጥ ቆማ አየችኝ እንጂ አልሳቀችብኝም። ለዚህ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ሌላውን እየሠራሁ ተማርኩት። አንዱ አምፖል አምስት ቮልት፣ ሌላው አሥራ ሁለት ይፈልጋል፤ ሳትለኩ ከሰካችሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ እየሸተታችሁ ትውላላችሁ። ሽቦው በጠርዙ ዙሪያ ካልታሰረ ክንፉ ይበላዋል። ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ ከሆነ የአምፖሉን አናት በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው፤ ይለሰልሳል።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች ነበሩ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ይሁን የሚሉ። እኔ ደግሞ እነጫነጫለሁ፤ «ኬዝ ነው የሠርግ ድንኳን?» እላቸዋለሁ። ግን ስሰካላቸው ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር ማየት ደስ ይለኛል። ብርሃኑን አይደለም፣ ፊታቸውን።

አንድ ጊዜ ጊጊሪ፣ ኤምባሲዎቹ ሰፈር፣ የሚሠራ ያገሬ ሰው፣ ከነከረባቱ፣ ኬዙን ታቅፎ ደረጃውን ወጣ። «ይኼን ዲስኮ አጥፋልኝ» አለኝ። ልጁ የመረጠለት ኮምፒዩተር ነው። ከቤቱ ሆኖ ስብሰባ ሲገባ ፊቱ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ ይሆናል፤ አለቃው አሞህ ነው ወይ ብላ ጠይቃዋለች። የመብራቱን ሽቦ ብቻ ቆርጬ ጫፉን በናስትሮ ጠቀለልኩለት። «ማራገቢያው ግን ይዞራል?» አለ። ይዞራል። እየሳቀ ወረደ። ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት፣ መብራቱ ያስቸገረው ከፊቱ የተቀመጠውን እሱን ሳይሆን ከወዲያ ያሉትን መሆኑን ነው።

ቤዛ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት፤ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች። «ጋሼ ታዬ፣ የኬዜን ላይት መቀየር እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ጌመር አይደለሁም፣ ለሥራ ነው።»

ሥራዋ ማስተርጎም ነው። እቤቷ ተቀምጣ፣ በኢንተርኔት፣ በሩቅ አገር ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኞችን ከሐኪሞቻቸው ጋር ታነጋግራለች። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች።

«ችግሩ እማዬ ናት» አለችኝ። «‹ደረትዎን ያምዎታል?› ብዬ ለታካሚዋ ስተረጉም፣ እማዬ በሩን ከፍታ ‹ደረቴን አይደለም፣ ትከሻዬን ነው› አለችኝ። ላይቭ ኮል ላይ፣ ጋሼ!»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት ሴትዮ ወገቧን እንዳመማት ስተረጉም እማዬ ሰማች። ሻይ ልትሰጠኝ ገብታ ‹እግዚአብሔር ይማርዎት› አለች፣ ጮክ ብላ። ሴትዮዋ ሰምታ ‹አሜን፣ ማናት እሷ?› አለች። ሱፐርቫይዘሬ ላስት ዋርኒንግ ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ እንኳ የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ አካውንቴ ይዘጋል። የምንኖረው በዚህ ሥራ ነው።»

በሩ ላይ ወረቀት ለጥፋ ሞክራለች። ሥራ ስትጨርስ ማንሳቱን ትረሳለች፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ እዚያው ስላለ እናቷም ማየት ትተዋለች። በሩ ላይ አምፖል እንዳታስተክል አከራይዋ ግድግዳ አታስነካም። በሩ ግን ከላዩ ብዥ ያለ መስታወት አለው፤ የኬዙ መብራት በዚያ በኩል ሳሎን ድረስ ይታያል። ስታወራ አንድ ቀለም፣ ስትጨርስ ሌላ ቀለም እንዲሆን ነው የፈለገችው።

ቦታውን ሳላይ አልሠራም ብዬ ሳውዝ ሲ ሄድኩ። እናቷ እማማ ዘነበች ሳሎን፣ ከቤዛ መኝታ ቤት በር ትይዩ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ወንበሯ የእሳቸው ናት፤ ትራሱ የጀርባቸውን ቅርጽ ይዟል። ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ፤ አፍረዋል።

«ልጄ፣ አስቸገርኳት» አሉኝ። «ግን እኮ ስትጠይቅ ድምጿ ሌላ ነው። ‹ምግብ ይስማማዎታል? እንቅልፍ ይወስድዎታል?› ስትል ለኔ መሰለኝ። ናይሮቢ ያደገች ልጅ አንቱ ማለት ጀመረች ብዬ ደስ አለኝ።»

ቤዛ «እማዬ!» አለች። ሦስታችንም ሳቅን።

ቤዛ ቀይና አረንጓዴ ነበር የፈለገችው። ቀዩን እምቢ አልኩ፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ቀይ እያየ አይቀመጥም። ሰማያዊው ለሥራ፣ ቢጫው ለዕረፍት እንዲሆን ተስማማን። የምትጫነው ማብሪያ ማጥፊያ ባደርግላት እንደ ወረቀቱ መርሳቷ ነው። አውቶቡስ ላይ ስመለስ ነው መላው የመጣልኝ። የቤት ስልክ ቀፎው ሲነሳ መስመሩ ራሱ ይከፈታል፣ ሲቀመጥ ራሱ ይዘጋል፤ ይኼን የሚያደርገው ከቀፎው ሥር ያለች ትንሽ ማብሪያ ናት። ቤዛም ጆሮዋ ላይ የምታደርገውን ሄድሴት የምትሰቅልበት መስቀያ ላይ እንዲህ ያለች ማብሪያ ብተክልላት፣ ሄድሴቱን ስታነሳ ሰማያዊ፣ ስትሰቅለው ቢጫ ይሆናል። የሚረሳ ነገር የለም።

ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት አንድ አሮጌ ስልክ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ነበር። ማማ ንጄሪ አቧራውን እንኳ እንድትጠርግ አልፈቅድላትም። ማብሪያዋን ላወጣ አውርጄ ስፈታው አየችኝ። «ያን ስልክ?» አለች። «ያን ስልክ» አልኩ። የጠረጴዛዬን መብራት አስጠግታ ያዘችልኝ።

እያንዳንዱ ፋን ጠርዝ ላይ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቢጫ አድርጌ አምፖሎቹን ደረደርኩ። አናታቸውን ፋቅሁ፣ ሽቦውን አሰርኩ፣ ሳውዝ ሲ ወስጄም ማብሪያዋን መስቀያው ላይ ተክዬ ሽቦዋን ከኬዙ በቤዛ ጠረጴዛ ሥር አሳለፍኩ። ቤዛ ሄድሴቱን አነሳች፤ የበሩ መስታወት ሰማያዊ ሆነ። ሰቀለች፤ ቢጫ። እማማ ዘነበች ከወንበራቸው ሆነው «ተባረክ» አሉኝ። የቤዛ ትከሻ ሲወርድ አየሁ፤ ስትፈራ ነው የከረመችው።

እኔ የሠራሁትን ፋን ከሳምንታት በኋላ ሄዶ የማዳመጥ ልማድ አለኝ። ሚዛኑ ከተበላሸ ድምፁ ይናገራል። ሳውዝ ሲ ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ እማማ ዘነበች ናቸው፤ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መስታወቱ ሰማያዊ ነው። ትንሿ ሶፋ ላይ፣ ከወንበራቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከበሩ ኋላ የቤዛ ድምፅ ይሰማል። ዝግ ያለ፣ የሚያባብል ድምፅ። «አይዞዎት፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ትላለች።

«መብራቱ እንዴት ነው?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ጥሩ ነው ልጄ። ሰማያዊው ሲበራ ዝም እላለሁ። ቢጫው ሲበራም ዝም ነው።»

ወደ በሩ እያዩ ቀጠሉ።

«ይደክማታል። የሰው ሕመም ስትሰማ ውላ ምን ትበለኝ? እህል ቀምሳ ስልኳን ትነካካለች፣ ትተኛለች። አልፈርድባትም። ግን ቢጫውን ሳይ አሁን የኔ ተራ ነው እላለሁ። ታዲያ ማንም አይጠይቀኝም። በፊት እንኳ ለሌላ ሰው የተጠየቀውን እየመለስኩ ይወጣልኝ ነበር።»

እኔ ለሥራዋ ብዬ የተከልኩት መብራት የእኚህን ሴትዮ አፍ ዘግቷል።

መስታወቱ ቢጫ ሆነ። ቤዛ ዓይኗን እያሸች ወጣች። «ጋሼ! ፐርፌክት ነው፣ እማዬ አንድም ቀን አልገባችብኝም» ብላ እጄን ጨበጠችኝና ሶፋው ላይ ወድቃ ስልኳን አወጣች። እናቷ መስታወቱን ያያሉ።

«ቤዛ፣ መብራቱን ልፈትሽ ነው» አልኳት። «እናትሽ ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ። ከዚያ እንዴት እንደሚታይ ንገሪኝ።» እማማ ዘነበች ተነስተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ቤዛ በቦታቸው ተቀመጠች።

«ይታያል» አለች። «ቢጫ ነው።»

«እናትሽ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ይኼን ነው። ቢጫ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ከሆነ በኋላ ምን እንደሚጠብቁ እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

«ተው ልጄ፣ ደክሟታል» አሉ እማማ ዘነበች።

ቤዛ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መስታወቱን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ያ ከበሩ ኋላ የሰማሁት ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ‹ትከሻዬን ነው› አልሽ። እውነትሽን ነበር እንዴ?»

እኔ ሱቅ ውስጥ ስቄበታለሁ፤ እዚህም ሦስታችን በ‹አንቱ›ው ስቀናል። ትከሻዎ እንዴት ነው ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

«እውነቴን ነው እንጂ» አሉ። «ግራው። ልብስ ሳጥብ ይብሳል። ሌሊት በዚያ ጎን አልተኛም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት ወዲህ።»

«ወደ ክንድሽ ይወርዳል? እጅሽን ያደነዝዝሻል?» ከወንበሩ ተነስታ እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻቸውን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች «እዚህ? እዚህ ጋ?» ትላለች። እናቷ ይመልሳሉ። ትከሻው አልቆ ጉልበት መጣ፣ ጉልበቱ አልቆ እንቅልፍ፣ ከእንቅልፍ በኋላ አገር ቤት ያለች እህታቸው ሐሳብ። ቤዛ ታለቅሳለች፤ ጥያቄዋን ግን አላቋረጠችም።

ከመኝታ ቤቱ ኮምፒዩተሩ ጠራ። ሌላ ሕመምተኛ መስመር ላይ ነው። ቤዛ በሩን አየች፣ ከምንጣፉ ግን አልተነሳችም።

እማማ ዘነበች ፀጉሯን ዳበስ አደረጉት። «ሂጂ፣ ሰማያዊ አድርጊው» አሏት። «የቀረውን በቢጫው እነግርሻለሁ።»

ሄደች። መስታወቱ ሰማያዊ ሆነ። እማማ ዘነበች ወደ ወንበራቸው ተመለሱና እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ፤ ያን ቀን ሲጠብቁ ፈገግ ብለው ነበር። ፋኑንም አዳመጥኩት፤ አይንቀጠቀጥም።

ትከሻቸውን ሐኪም አይቶት አሁን ደህና ናቸው። ቤዛም ሥራዋ ላይ ናት። እኔም አሁንም ከማማ ንጄሪ ጀርባ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ፤ አዲስ የሚቀጠሩትን የማሳያቸው እኔ ነኝ። ክንፍ ላይ ምንም አትለጥፉ እላቸዋለሁ። ሳትለኩ አትሰኩ። መብራቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ያዘዛችሁ ሰው ወንበር ላይ ሆናችሁ ብቻ አትዩት፤ ከወዲያ የሚቀመጠው ሰው ወንበር ላይም ተቀምጣችሁ እዩት።