የጉቴዋ ሴት ቃል

የአባቴን እህት፣ አዳዳዬን፣ ባለፈው ሳምንት ነቀምት ቀበርናት። ከአውራጃ ፍርድ ቤት የምትወጣን ሴት ሁሉ «ረታሽ ወይ?» ሳይሆን፣ «አንቺ ራስሽ ተናገርሽ?» ብላ በኦሮምኛ የምትጠይቅ እሷ ነበረች።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ሴቶች ስለ ፍርድ የሚያስቡትን ለመመረቂያ ጽሑፌ ላጠና መጠይቅ ይዤ መጣሁ። ሁሉም «ፍርዱ ደህና ነው» አሉኝ። አዳዳ «ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ ዳኛ ይመስላቸዋል፤ አስቀምጪው» አለችኝና አጠገባቸው ተቀመጠች። ያኔ ከነቀምት አቅራቢያ ከጉቴ የመጣች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አወራች። ስለ መሬቷ ለዳኛው በኦሮምኛ ብዙ ተናግራ ነበር። አስተርጓሚው ግን በአማርኛ «ለባሌ ወንድም ለቅቄያለሁ ትላለች» ብሎ ባጭሩ ጨረሰው። መሬቷም በዚያው ሄደ።

ቃሏን ጻፍኩት። መምህሬ «ይህ ወሬ እንጂ ጥናት አይደለም» ብለው ሰረዙት፤ እኔም ዲግሪዬን ፈልጌ ዝም አልኩ። አዳዳ ስትሰማ አልተቆጣችም። «ቃሏ መሰረዙን ለሴትዮዋ አንቺው ንገሪያት» ብቻ አለች። ዛሬ ነገ ስል ሳልነግራት ቀረሁ።

በቀብሩ ላይ አንድ ሽማግሌ «ድምጿ የማይሰማ ጨዋ ሴት ነበረች» ብለው አዳዳን አወደሷት። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆመው አልሰሟትም።

ለቅሶው ላይ ያቺ ሴት ከጉቴ በእግሯ መጥታ አጠገቤ፣ አዳዳ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጠች። እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ ቃሌን ዳኞቹ አነበቡት?» አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው።