ቅቤ የሸተተኝ ማርዘን

ዲር ፓርክ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቢራ ፋብሪካ የገባሁት ታንክ አጣቢ ሆኜ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጎማ ቦቲዬን ሳላወልቅ ዋናው ጠማቂ ክላውስ ጠራኝ። ሽበታም ጀርመናዊ ነው። «አንድ ቀማሽ ቀርቶብናል፤ አፍንጫሽን አውሺን» አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ስድስት ትንንሽ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ሥርዓቱ ማሽተት፣ አንዴ ፉት ማለት፣ ቅጽ መሙላት ነው። እኔ የቀረበልኝን መተው ነውር መስሎኝ ስድስቱንም ጨለጥኳቸው። ቅጹ ላይ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ክላውስ ሲያነበው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ማቆም ግን አቃተኝ።

ወደምኖርበት ሴንት አልባንስ በመኪናቸው የመለሱኝ በፋብሪካው የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዱት ጋሼ ተፈራ ናቸው። ጴንጤ ናቸው፤ መጠጥ በአፋቸው አይዞርም። መኪናው ውስጥ መዝሙር ከፍተዋል።

«በመጀመሪያ ቀንሽ!» አሉኝ።

«ሥራ ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«ሥራማ ይሁን። ብቻ መዝሙሩን አብረሽኝ አትዘምሪ፤ ዜማውን አጠፋሽብኝ።»

አበቃልኝ ስል ክላውስ በማግስቱም ጠራኝ። «ዛሬ ትንሽ ትንሽ» አለኝ። በዚያው ቀማሽ ሆኜ ቀረሁ። እንግሊዝኛው ሲጠፋኝ ቅጹን በአማርኛ እሞላ ነበር።

አንድ ዓመት ክላውስ አባቱ ይጠምቁት የነበረውን ማርዘን ጠመቀ። ብቅሉ ጎላ ያለ፣ መልኩ ወደ ቀይ የሚያደላ የጀርመን ቢራ ነው። ጠርሙስ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ቀመስነው። ሌሎቹ አራት ቀማሾች ጥሩ ነው ብለው አሳለፉት። እኔ ብርጭቆዬን ደግሜ አሸተትኩ።

«ምነው?» አለ ክላውስ።

«ቅቤ ሸተተኝ።»

አብራን የነበረችው የፋብሪካው ማናጀር ቀና አለች። «ቦትሊንጉን ለነገ ቡክ አድርገናል። እርግጠኛ ነሽ?»

ካዡዋል፣ ማለትም ቋሚ ያልሆንኩ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እኔን ለማሰናበት አንድ ቴክስት ይበቃል። ቢሆንም «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

ክላውስ የተደበቀ ሽታ ካለ እንዲወጣ ቢራውን በተከደነ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየው፤ ከዚያ አቀዝቅዞ ከፈተው። ክፍሉ ቅቤ የፈሰሰበት ፋንዲሻ ሸተተ። ማናጀሯ ራሷ አፍንጫዋን ያዘች። እርሾው የቅቤውን ሽታ አጥፍቶ ሳይጨርስ ነበር ታንኩን ያቀዘቀዝነው። ክላውስ ፊቱ ጠቆረ፤ ወዲያው ግን እጁን ዘርግቶ «በተር በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አለኝ። ነገርኩት። «ቂቤ! ቂቤ!» እያለ ታንኩን ሊያሞቅ ሮጠ።

ቦትሊንጉ ተራዘመ። ታንኩ ጥቂት ቀን ሞቅ ብሎ ከረመ፤ ከዚያ ለሳምንታት በቅዝቃዜ አረፈ።

እንደገና ስንቀምስ መጀመሪያ የመጣው የትኩስ ዳቦ ቅርፊት ነው። ቀጥሎ እንደ አሻሮ ታመስ ያለ ገብስ ሸተተ። ምላስ ላይ ማር ማር ይላል፤ አይጣበቅም። መጨረሻው ደረቅ ነው፤ ትንሽ መረር ብሎ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። ቅቤ የለም። ሁለቴ አሸተትኩ፤ የለም!

ክላውስ ዓይኑን ጨፍኖ «የአባቴ ነው» አለ። ከዚያ ክንዴን ይዞ በታንኮቹ መሃል አሽከረከረኝ፤ ሁለታችንም በጎማ ቦቲ። ጋሼ ተፈራ ጫጫታውን ሰምተው ብቅ አሉ።

«ማሽተት አልተከለከለም» ብለው ብርጭቆዬ ላይ ጎንበስ አሉ። «ውይ! ዳቦ ነው እኮ!»

ዛሬ አዳዲስ ቀማሾችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይኸው ነው፦ ታንክ ውስጥ ያለ ቢራ ይስተካከላል፤ ጠርሙስ ከገባ ይደፋል። የሸተታችሁን በጊዜው ተናገሩ።